ስድብ የቀረበት አለቃ

ዙማና ኩሊባሊ በኩቲያላ ከተማ ጥጥ መዳመጫ፣ ጥጡን ጨምቆ የሚያስረው የመጭመቂያ ማሽን ቡድን አለቃ ከሆነ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። በእነዚህ ቀናት ማንም አልሰደበውም። ግራ ያጋባው ይኸው ነው።

የኩሊባሊና የኬይታ ጎሳ ሰዎች ሲገናኙ መሰዳደብ ከአባት የመጣ ወግ ነው፤ የሚቆጣ የለም። የሥራ ባልደረባው ፋማካን ኬይታ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት «ይኼ አደንጓሬ በሊታ ዛሬም አልሞተም?» እያለ ነበር የሚቀበለው።

ዙማናም «ዝም በል፣ አያትህ የአያቴን ፍየል እየሰረቀ ነው ያደገው» ይለዋል።

በዚያው ስድብ መሀል የሥራው ነገር ይነገራል፤ ገመዱ ላልቷል፣ ጥጡ እርጥብ ነው። አሁን ግን ፋማካን «እንደምን አደሩ፣ አለቃ» ብሎ አንገቱን ይደፋል።

ትናንት ሦስት እስር ጥጥ እርጥብ ነው ተብሎ ከመጋዘን ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁ «አንድ ቢደገም ወደ ቀድሞው የሸክም ሥራህ ትመለሳለህ» አለው።

ዙማና ፋማካንን ከመዳመጫው ግንብ ጥግ አገኘው።

«አስቀይሜሃለሁ?»

«ኧረ የለም፣ አለቃ።»

«አለቃ አትበለኝ። ስደበኝ።»

ፋማካን ሳቁን ዋጠ። «ትእዛዝ ነው?»

ዙማና ነው ቢል ስድቡ ስድብ አይሆንም፤ አይደለም ቢል ሰውየው አይሰድበውም።

«ስማ» አለ ፋማካን። «ፈረቃ የምትደለድለው አንተ ነህ። ብሰድብህ፣ ቀላሉን ፈረቃ ፈልጎ ነው ይሉኛል። ብትቆጣስ? አለቃ ሆነህ አላውቅህም።»

«እኔ እኮ ያው ነኝ።»

«እሱን የምትለው አንተ ነህ።»

ዙማና ወደ ጥጡ ክምር ሄዶ ክንዱን እስከ ክርኑ ከተተ። ቀዘቀዘው። ፋማካንን ጨምሮ ስድስቱም የቡድኑ ሠራተኞች ቆመው ያዩታል።

«እርጥብ ነው? ወይስ እጄ ነው የቀዘቀዘው?»

ሽማግሌው ቼኮሮ ምራቁን ተፋ። «እርጥብ ነው። የትናንቱም እርጥብ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«መች ጠየቅከን? አለቃ ያውቃል ብለን ነዋ።»

ዙማና መጭመቂያውን አስቆመ። ሰዎቹ ሳይታዘዙ ጥጡን ፀሐይ ላይ ይበትኑ ጀመር። ማሽኑ ዝም ሲል ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጣ።

«ማነው ያስቆመው?»

ዙማና አፉን ሳይከፍት ፋማካን ቀደመው። «እኛ ነን። ጥጡ እርጥብ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ዙማና ዞረ። «እውነት ነው?»

ዙማና ስድስቱን አያቸው። አንዳቸውም ቀና አላሉም። ከለላ እየሆኑት ይሁን ከአለቅነቱ እያወረዱት አልገባውም።

«እውነት ነው» አለና ጎንበስ ብሎ አብሯቸው ይበትን ጀመር።