የአራተኛው ክምር ሽታ

የሥራ ባልደረቦቼ «አፍንጫው» ይሉኛል። ስድብ አይደለም፤ ማዕረግ ነው። ነበር ማለት ይሻላል።

ሥራችን በናፍጣ የተበከለ አፈር ማጽዳት ነው። ከአንድ የነዳጅ ማከማቻ የሚወጣ የተቀበረ ቱቦ ማንም ሳያውቅበት ለዓመታት ሲያፈስ ኖሮ፣ ከአጥሩ ባሻገር ያሉትን የሰባት ቤቶች ግቢ አበላሸ። አፈሩን ቆፍረን አወጣን፤ የየቤቱን ለይተን ማከማቻው ጀርባ ካለው ሜዳ ላይ ከመርነው፤ ፍግና ዩሪያ ቀላቅለን፣ ውሃ አጠጥተን ሸራ አለበስነው። በየሳምንቱ እናገላብጠዋለን። የቀረውን የሚሠሩት ባክቴሪያዎቹ ናቸው። በዓይን አይታዩም እንጂ ናፍጣውን የሚበሉት እነሱ ናቸው፤ እኛ «በላተኞቹ» እንላቸዋለን። አየርና እርጥበት ካላጡ ቀን ከሌት ይበላሉ፣ ሲበሉም ክምሩ ይሞቃል። ጠዋት ጠዋት ረጅሙን ቴርሞሜትር ክምሩ ሆድ ውስጥ እየሰካሁ ሙቀቱን የምመዘግበው እኔ ነኝ።

ጭንቁ ክምሩ ሲበርድ ነው። ክምር በሁለት ምክንያት ይበርዳል፤ ወይ ናፍጣው ተበልቶ አልቋል፣ አለዚያም በላተኞቹ ሞተው ናፍጣው እዚያው ቀርቷል። ቴርሞሜትር ይህን አይለይም። ዓይንም አይለይም፤ ሁለቱም ጥቁርና ልስልስ፣ ለዘር የሚያስጎመጅ አፈር ነው። የሚለየው ላብራቶሪ ነው፣ ወይም እኔ። ጭብጥ አፈር አንስቼ በመዳፌ አሸውና ዓይኔን ጨፍኜ አሸተዋለሁ። የጸዳ አፈር ዝናብ የነካው መሬት ይሸታል። ያልጸዳው ጉሮሮ ላይ ይይዛል። ከዚህ በፊት በሌሎች ቦታዎች አሥራ ሁለት ጊዜ ፈርጄ፣ አሥራ ሁለቴም የላብራቶሪው ወረቀት እኔ ያልኩትን ይዞ መጥቷል። መሐንዲሷ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት ናት፤ «ጋሼ ካሉ ወረቀቱ ለወጉ ነው» እያለች ትስቅ ነበር።

አራተኛው ክምር የእህቴ ግቢ አፈር ነው። ታላቄ ናት፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሰባቱ ቤቶች ሲታሸጉ አንድ ሻንጣና የበሯን ቁልፍ ይዛ እኔ ጋ መጣች። ካሉኝ ሁለት ክፍሎች አንዱን ሰጠኋት። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ሻንጣዋን አላራገፈችም። ልብሷን ከዚያ አውጥታ ትለብሳለች፣ አጥባና አጣጥፋ እዚያው ትመልሳለች። ቁም ሣጥን ላሠራልሽ ብላት፣ «እንግዳ ቁም ሣጥን ምን ያደርግለታል?» አለችኝ። ይህ ልቤን አቆሰለው፤ ነግሬያት ግን አላውቅም። ከሥራ ስገባ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አፈሯ እንዴት እንደዋለ ነው። ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ነው ስላት፣ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ «ይማረው» ትላለች።

አፍንጫዬን የወሰደው ጉንፋን ነው። ሳምንት ተኝቼ ተነሣሁ፤ ሳሉ ለቀቀኝ፣ ማሽተቴ ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ያወቅሁት ሩዝ ጥጄ አጠገቡ ጋዜጣ ሳነብ ነው። እህቴ ከግቢ ሮጣ ገብታ ድስቱን አነሣችው፤ ሩዙ ከሰል ሆኗል። አፍንጫህን ምን ነካው ብትለኝ ሐሳብ ይዞኝ ነው አልኳት። ምንም ሐሳብ አልነበረኝም፤ የማነበው የኳስ ውጤት ነበር።

ይመለስ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። በር ዘግቼ ሽንኩርት አሸተትኩ፣ ኮምጣጤ አሸተትኩ፣ መጨረሻ ላይ ቤንዚን አሸተትኩ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል፤ እኔ ግን ማልቀሱም አልመጣልኝ፣ የያዘኝ ንዴት ብቻ ነው። ለምን አልተናገርክም የሚለኝ ካለ እውነቱን ልንገረው፤ ኩራት ነው። አፍንጫ የሌለው «አፍንጫው» ምን ተብሎ ሊጠራ ነው? መጥረጊያ አስይዘው በር ላይ ያቆሙኛል ብዬ ፈራሁ። ክምሮቹ ሁሉ ገና ትኩስ ስለነበሩም ፍረድ የሚለኝ አልነበረም። ወራት አለፉ።

ከዚያ ካለጊዜው የመጣ ዶፍ ወረደ። ንፋሱ የአራተኛውን ክምር ሸራ ከወዲያኛው ጥግ ቀዶት፣ በላተኞቹን አየር የሚያሳጣ ውሃ ገባበት። ቀዳዳውን ሰፋሁና፣ ትንሽ ናት ብዬ ሳልመዘግባት ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ይወርድ ጀመር። ሠላሳ አንድ፣ ሃያ አራት፣ በመጨረሻም ከውጪው አየር ጋር እኩል ሆነ።

መሐንዲሷ ክምሩ ድረስ መጣች። የላብራቶሪው መሣሪያ ተበላሽቶ ወረፋው ሁለት ወር እንደሚፈጅ፣ ክረምቱ ከገባ ደግሞ መኪና ጭቃውን ስለማይደፍረው አፈሩ እስከ በጋ እዚሁ እንደሚቆይ ነገረችኝ። ናሙናውን ትልካለች፤ እኔ ከፈረድኩ ግን ውጤቱን ሳትጠብቅ ፈርማ አፈሩን ታስመልሳለች።

ጭብጥ አፈር አነሣሁ። አሸሁት፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ሳብኩ። ሰው የሌለበት ቤት በር እንደማንኳኳት ነው። የሰፋሁት ሸራ ትዝ አለኝ። የእህቴ ሻንጣም ትዝ አለኝ። ናፍጣ አልሸተተኝም ብል ውሸት አይሆንም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

«ጸድቷል» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

በሳምንቱ አፈሩ ተመልሶ ግቢዋ ተሞላ። እህቴ ቁልፏን ይዛ ገባች፣ ሻንጣዋን እኔው ተሸከምኩላት። ከደጃፏ አንድ ጭብጥ አፈር አንስታ ወደ ፊቷ አስጠጋች፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ደስታ መሰለኝና እኔም ደስ አለኝ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የሚረባ ነገር ሠራሁላት ብዬ።

እሑድ እሑድ እጠይቃታለሁ። ቲማቲምና ካሮት ተክላለች። በዚያ ወበቅ መስኮቶቿ ዝግ ናቸው፤ ምነው ስላት አቧራ ነው አለች። ሌላ ጊዜ ራሷን በሻሽ ጠፍራ አገኘኋት። ቲማቲሙ ሲገረጣ፣ ሁለት ዓመት አፈር ሳልነካ ቆይቼ እጄ ረስቶት ነው ብላ ነቅላ እንደገና ተከለች። ዘወትር እንደደረስኩ ከጉድጓዷ ውሃ በብርጭቆ ትሰጠኛለች፤ የጉድጓዱ ውሃ ከአፈሩ አስቀድሞ ተመርምሮ ተፈቅዶ ነበር። ጭልጥ አድርጌ ጠጥቼ፣ እንዳንቺ ጉድጓድ ያለ ውሃ የትም የለም እላታለሁ።

ክረምቱ ሲጋመስ መሐንዲሷ አስጠራችኝ። አልጮኸችም። ክዳናቸው የተከፈተ ሁለት ጠርሙስ አፈር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ናፍጣ ያለበት የትኛው ነው አለችኝ። ሁለቱንም አሸትቼ የግራው ነው አልኩ።

«ሁለቱም ናቸው» አለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ጋሼ?»

ሰባት ወር እንደሆነው ነገርኳት፤ የሸራውንም ነገርኳት። የላብራቶሪውን ወረቀት ወደ እኔ ገፋችው። ከተፈቀደው አምስት እጥፍ ይላል። የፈረምኩት እኔ ነኝ ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ቤቱ ዛሬውኑ እንደገና መታሸግ አለበት፤ ለእህቴ ማን እንደሚነግራት ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ አልኳት።

ስደርስ እህቴ የገረጡትን ችግኞች ለሦስተኛ ጊዜ እየነቀለች ነበር። እንደልማዷ እጇን ታጥባ፣ ውሃ ቀድታ አስያዘችኝና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ቆሜ ነገርኳት። አፍንጫዬ ከጠፋ ሰባት ወሩ እንደሆነ፣ አፈሩ እንዳልጸዳ፣ ዛሬውኑ መውጣት እንዳለባት ነገርኳት። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ።

«ሽታው እኮ ከመጀመሪያው ቀን አለ» አለች። «አንተ ጸድቷል ካልክ፣ የተበላሸው የኔ አፍንጫ ነው ብዬ ተውኩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እትዬ?»

«ላንተ? አፍንጫው አንተ፣ እኔ ምን ብዬ?»

ዓይኗ እጄ ላይ ወዳለው ብርጭቆ ሄደ።

«ዝናቡ ሲበረታ ውሃውም ሸተተኝ። ያን ቀን ዓይን ዓይንህን እያየሁ ቀድቼ ሰጠሁህ። አንዴ ፊትህን ብታጨማድድ እደፋው ነበር። ጠጥተህ አመሰገንከው። ከዚያ ወዲህ እኔም እጠጣለሁ።»

ተነሥታ ገባች። ሻንጣው ከአልጋው ሥር ሲጎተት ይሰማኛል። እኔ ብርጭቆውን እንደያዝኩ ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከእግሬ ጀምሮ እስከ አጥሩ ድረስ ያለው ሁሉ እኔ የፈረድኩበት አፈር ነው፤ ውሃውን የምደፋበት ቦታ አጣሁ።