የአንድ ቀን እህት

በምርጫው ቀን ጠዋት ሳሎማኦ ወደ መጀመሪያ ሚስቱ ወደ ፌሊዝሚና ቤት መጣና፣ «ዛሬ እህቴ ነሽ» አላት።

ፖርቱጋሎች ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗል። ሞዛምቢክ ከመንደር እስከ ዋና ከተማ ምክር ቤቶቿን ልትመርጥ ነው። ለአንድ ወንበር አንድ ሰው ይቀርባል፤ ሕዝቡ እጁን ያወጣል፤ አለቀ። አገሩን የሚመራው ፓርቲ ግን ባለ ሁለት ሚስት እጩ አይቀበልም።

«እህትህ?» አለች ካሳቫ መላጧን ሳታቆም። «ሃያ ሁለት ዓመት ምንህ ሆኜ ከረምኩ?»

«ለዛሬ ብቻ ነው፣ አንቺ ሴትዮ! ሬጂና ወጣት ናት፤ ሚስትነቱ ለእሷ ይሁን። ከኋላ ቁጭ በይና ዝም በይ። ብቻ ልመረጥ፣ ቤትሽን ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ።»

ቀጣዩን ካሳቫ አነሳች። እሱም ይህን እሺታ አድርጎት ሄደ።

ሕዝቡ ከካሹው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ከከተማ የመጣው ጓድ ማቱሴ የሳሎማኦን ስም አነበበ።

«ተወዳዳሪ የለውም። ነውር የሚያውቅበት ካለ ግን ይናገር።»

መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ መንደሩ ሁሉ አቀርቅሯል። ሩዝና ሳሙና የሚታደልበት ሱቅ ቁልፍ ያለው በሳሎማኦ ኪስ ነው።

«ቤተሰቡስ?»

ሬጂና ተነሳች። «ሚስቱ ነኝ።»

«ከኋላ ያሉት እናትስ?»

«እህቴ ናት፣ ጓድ» አለ ሳሎማኦ ፈጠን ብሎ።

ፌሊዝሚና ቀሚሷን አራግፋ ቆመች።

«እህቱ ከሆንኩማ፣ ጓድ፣ ይህን ሰውዬ እሰሩት እንጂ አትምረጡት። ከእህቱ አራት ልጅ ወልዷል።»

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ፈነዳ።

«አሟታል! አትስሟት!» ብሎ ጮኸ ሳሎማኦ።

«የሠርጋችሁን ፍየል እኮ በልቻለሁ!» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ያኔ ጥርስ ነበረኝ!»

ማቱሴ ሳቁን ዋጠ። «ሳሎማኦን የምትደግፉ እጅ አውጡ።»

የሳሎማኦ እጅ ብቻውን ወጣ። የሬጂና እጅ ግማሽ መንገድ ደርሶ ጉልበቷ ላይ ተመለሰ።

«ሌላ እጩ እኮ አልመጣም» አለ ማቱሴ ወረቀቱን እያገላበጠ። «ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ባዶ ብለህ ጻፍ፣ ልጄ» አለች ፌሊዝሚና። ከዚያም ሰዉን እየሰነጠቀች ወደ ፊተኛው ረድፍ ሄዳ፣ ልክ ከባሏ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ቆርቆሮውን እርሺው!» አለ ጥርሱን ነክሶ።

«ሣሩን አጭጄ እከድነዋለሁ። እስከ ዛሬስ ማን ከደነው?»