የመጋላ ለቅሶ

እኔ ንግሥቴ ምን ቆርጦኝ አበልጄን እጠረጥራለሁ? የኋላሸት ማለት ልጄን ኪዳንን ክርስትና ያነሳ፣ ባሌ ሲሞት ሬሳውን ከፊት የተሸከመ ሰው ነው። እሱ አንድ በሬ አለው፣ እኔ አንድ። ቀዩን በሬዬን መጋላን ከሱ በሬ ጋር እያቀናጀን ስንት ክረምት አረስን! በሬዎቹ አንድ ሰሞን እኔ ዘንድ፣ አንድ ሰሞን እሱ ዘንድ ያድራሉ።

ዘንድሮ የእርሻው ሰዓት ሲደርስ፣ ተራው የሱ ሆኖ፣ ለመካነ ሰላም ገበያ ልነሳ ስል ስልኬ ጮኸ። «አበልጄ፣ ጉድ ሆንሽ። መጋላ ትናንት ማታ ገደል ገባ» አለኝ።

ያቺን ቁራሽ መሬቴን በምን ላርሳት ነው? ለሰው በእኩል ሰጥቼ፣ በግማሽ እህል ልጄን እንዴት ላሳድግ ነው?

ጎረቤቱ ሁሉ «እግዜር ይተካልሽ» ሊል ቤቴ መጣ። ሰብሪያ ከማዶ መጥታ «አብሽሪ እቴ» እያለች አቀፈችኝ። የኋላሸት ከሁሉ ቀድሞ ተቀምጦ ዓይኑን ይጠርጋል። «አይዞሽ፣ መሬትሽን ለባዕድ አትሰጭም። በእኩል እኔው አርስልሻለሁ» አለኝ። እጁን ሳምኩት! ዛሬም ከንፈሬን ያንገበግበኛል።

«እስቲ ወርጄ ልየው» ብል አይሆንም አለ። «በክት ምን ይታያል? ጅብና አሞራ ጨርሶታል።» በኛ አገር በክት አጠገብ ማን ይደርሳል? ማንም እንደማይወርድ ያውቃል። እኔ ግን ከጥጃነቱ ያሳደግሁትን በሬ ሳልሰናበት አንጀቴ አልችል አለኝ። በጓሮ ሾልኬ ወረድኩ።

ገደሉ ሥር ቀይ ቆዳ ተዘርግቷል። «መጋላዬ!» ብዬ ልጮህ ስል ሽታ የለም። ዝንብ የለም፣ ትልም የለም። ቆዳውን በዱላ ገለጥ ሳደርገው ጥቁር ጥንዚዛ ከሥሩ ግር ብሎ ወጣ። አጥንቱ ላይ የደረቀችውን ጅማት ሳይቀር ይግጣል። ኧረ በማርያም! ከብት ጠብቆ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ በክት መጀመሪያ ዝንብ ይወረዋል፣ ትል ያፈላል፣ ይሸታል። ይህ ጥንዚዛ እንዲህ የሚሰፍርበት ያ ሁሉ አልፎ ቆዳና አጥንት ሲቀር ነው። ይሄ ከሞተ የሰነበተ የሌላ ሰው ከብት ነው።

እዚያው ቁጭ አልኩ። መጋላ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ እልል ማለት ነበረብኝ። ግን ያ ሲጠርገው የነበረው እንባ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። በሬዬንም መሬቴንም ፈልጎ ነው ለካ! እኔ እኮ ከወንድሜ አስበልጬ ነበር የማምነው።

ጥንዚዛዎቹን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ተመለስኩና ለቀስተኛው መሐል የኋላሸት ፊት ፈታሁት። እግሩ ሥር ተርመሰመሱ።

«ትናንት ማታ የሞተ በሬ ይህን ያወጣል? መጋላዬን የት አደረግኸው?» ከዚያን ቀን በፊት አንቱ እንጂ አንተ ብዬው አላውቅም።

ላብ አጠመቀው። «አበልጄ... አቀስታ እህቴ ዘንድ ነው። በደህና አለ፤ ጭድም አልጎደለበት» አለ። የምሥራች መናገሩ ነው! ውለታ የዋለልኝ ይመስል!

ሰብሪያ «ያ አላህ!» ብላ አፏን ያዘች። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያይቶ ሊነሳ ነጠላውን ሰበሰበ። በሬው ካልሞተ የምን ለቅሶ አለ?

«ተቀመጡ» አልኳቸው። «በሬዬማ ተነድቶ ይመጣል። የሞተብኝ አበልጄ ነው።»