የቆመችው መኪና ዘይት

«የሚቃጠል ነገር አለ እንዴ?» አለች የሟች እህት፣ አፍንጫዋን ወደ መስኮቱ አዙራ።

ለቅሶ ደራሾቹ የሻይ ብርጭቆአቸውን እንደያዙ ተያዩ። አንዲት ጎረቤት ብድግ ብላ ኩሽናውን አየችና ተመለሰች። ምድጃው ጠፍቷል። ሐዘንተኛዋ ልብስ ሰፊ ግን ከተቀመጠችበት ፍራሽ ንቅንቅ አላለችም። ሽታውን ታውቀዋለች፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ በየማለዳው፣ እሱ መኪናዋን በሚያሞቅበት ሰዓት ይመጣል። ቁልፉ ደግሞ እሷ አንገት ላይ ነው የተንጠለጠለው።

«ከመንገድ ይሆናል» አለች።

ሐዘንተኛን ማን ይከራከራል? ሁሉም ሻዩን ፉት አለ።

መኪናዋ ያገለገለች ናት፤ ከገዟት ብዙም አልቆየም። አፈ ቅቤ የሆነ ሻጭ ጭሷ እንዳይታይ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ጠበቃቸውና ጉዷን ያዩት ቤት ከደረሱ በኋላ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሞተሯ ሲነሳ ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ። መካኒኩ ወንድሟ ተጠርቶ መጣና ኮፈኑን ከፍቶ ሳቀ።

«የፒስተኑ ፋሻ አልቋል። ይቺ ቤንዚን ብቻ አይደለም፣ ዘይትም ትበላለች። ጉድ ሆናችኋል!»

«ጠምቷት ነው» አለ ባሏ ኮስተር ብሎ። «እኔ አጠጣታለሁ። አንተ ብቻ አትሳቅባት።»

እንዲህ ነበር ሰውዬው። አናጢ ሆኖ ሲኖር ጠመመ ብሎ የጣለው እንጨት የለም፤ ተታለልኩ ብሎ ማመንማ ጭራሽ አይሆንለትም። ከዚያ ወዲህ ገና ጎህ ሲቀድ ዘይቱን ለክቶ፣ የጎደለውን ሞልቶ፣ እጁን በሳሙና ፈትጎ ይገባል። እሷም ሽታው እንዳልለቀቀው እያወቀች ዝም ትለዋለች። አንድ ጠዋት እዚያው ኮፈኑ ሥር ልቡ ቆመ።

ለቅሶ ደራሾቹ እየቀነሱ ሲሄዱ ወንድሟ ከግቢ ገባና አጠገቧ ተንበረከከ። ፊቱ ልክ አልነበረም።

«እታለም፣ መኪናዋን የነዳት ሰው አለ?»

«ቁልፉ ይኸው።»

«የቀብሩ ዕለት ዘይቷን ሞልቼው ነበር። አሁን መለኪያው ጫፍ ላይ እንኳን አይደርስም። ያልተነሳ ሞተር ዘይት አይበላም። ያፈሳል እንዳልል ከሥሯ ያነጠፍኩት ካርቶን ደረቅ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንደገና ሞላሁት። የባትሪውንም ገመድ ነቅያለሁ። እስቲ ነገ እናያለን።»

በማግስቱ ሽታው በሰዓቱ መጣ።

የሟች እህት በዚህ መሀል ሌላ ጭንቀት ነበራት። ከበሩ ጀርባ ከጎረቤቲቱ ጋር ስታንሾካሹክ ይሰማል።

«እግሯ እኮ አብጧል። የኩላሊት እጥበት ቀኗ አልፏታል።»

«ታዲያ ለምን አትሄድም?»

«እንዴት ተደርጎ! የባሏ አፈር ሳይደርቅ ከቤት ወጣች ይባል? ሰው ምን ይላል?»

ልብስ ሰፊዋ ሁሉንም ሰምታለች። እውነቱን ለመናገር እሷም መሄድ አልፈለገችም። ኩላሊቷ ከደከመ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ለእጥበት ሆስፒታል ትሄዳለች። አንድ ቀን ባሏ ከእጥበት ወጥታ፣ ራሷን እያዞራት፣ አውቶቡስ ላይ ስትጋፋ አያት። የዚያን ዕለት እራት አልበላም። የእንጨት መላጊያ ማሽኑን ሸጦ ያቺን ዘይት ጠጪ ያመጣት ለዚህ ነበር። ሰው ሳቀባቸው፤ እሱ ግን ከቀጠሮዋ አንድም ቀን አስቀርቷት አያውቅም። አሁን ሐኪሙ ካልመጣሽ ትሞቻለሽ ቢላትም፣ እሱ በሌለበት ለመዳን መሮጥ አስጠላት።

«እታለም!» ወንድሟ በመስኮቱ ጠራት። «ነይ እስቲ፣ ይህን እዪልኝ።»

የሟች እህት ደግፋት ወጡ። ግቢው ጥላ ነው፤ ፀሐይ ገና አልደረሰበትም። የባትሪው ገመድ እንደተነቀለ ነው። ወንድሟ እጇን ይዞ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠው። ሞቅ ብሏል።

«ዘይቱም እንደገና ጎድሏል» አለ። «ቆይ፣ ወንበሩን አንቺ ነሽ ያስተኛሽው?»

በተቆለፈው በር መስታወት አጮልቃ አየች። ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር ወደ ኋላ ተለጥጦ ተኝቷል፤ ትናንት ቀጥ ብሎ ነበር። ባሏ እንዲህ የሚያስተኛው በእጥበት ቀን ብቻ ነው፤ ስትመለስ እንድትጋደም። ዛሬ ደግሞ ቀጣዩ የእጥበት ቀኗ ነው።

የሟች እህት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ነፍሱ የምትንከራተት መስሎኝ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ለካ እኔን እየጠበቀ ነው።» እንባዋ ዝርግፍ አለ። «ሞቶም እኔን ለማድረስ በየማለዳው ይነሳል።»

«ባትሪዋን ልግጠምና በእሷ ልውሰድሽ?» አለ ወንድሟ።

«አይሆንም። በእሷ ከሄድኩ እሱ ነገም ይነሳል፤ አያርፍም። ያንተን መኪና አስነሳ።»

የባሏን እህት ዞር ብላ አየቻት። «እትዬ፣ ሰው የፈለገውን ይበል።»

«ይበል» አለች የሟች እህት፤ ነጠላዋን አውልቃ ትከሻዋ ላይ ደረበችላት።

ልብስ ሰፊዋ ወደ መኪናዋ ጎንበስ አለች። «ወንድሜ ያደርሰኛል» አለች ቀስ ብላ። «ከቀጠሮዬ አልቀርም። አንተ በቃ እረፍ።»

ወንድሟ ከበሩ ውጪ መኪናውን አስነስቶ ጠበቃት። እሷ ግን መዳፏን ከኮፈኑ ላይ አላነሳችም። ብረቱ ከእጇ ሥር ቀዝቅዞ እስኪያልቅ ድረስ ቆመች።