የእማዬ ጽጌረዳ

እናታቸው ከሞተች ወዲህ እህትማማቾቹ በአንድ ጣሪያ ሥር ዓይንና ናጫ ሆነው ይኖራሉ። ልብስ ሰፊዋ ታላቅየዋ፣ «ያቺ ድንጋይ ራስ መች ታስበዋለች!» እያለች፣ በረንዳው ላይ በማሰሮ የተተከለውን የእናቷን ጽጌረዳ ማዳበሪያ በውሃ በጥብጣ ታጠጣዋለች። የቅጠሉ ጫፍ ማረር ሲጀምር፣ ጎድሎበት ነው ብላ ጨመረችለት። ጭራሽ ባሰበት።

አንድ ቀን ከሥራ በጊዜ ብትመለስ፣ ታናሿ ያንኑ ብጥብጥ ሥሩ ላይ ስታፈስ አገኘቻት።

«አንቺም ታጠጪዋለሽ እንዴ?» አለቻት ኩርፊያዋን ረስታ።

«አንቺ እርግፍ አድርገሽ የተውሽው መስሎኝ!»

ከቀብሩ ወዲህ የተነጋገሩት ይኸው ነበር። ታላቅየዋ ቅርንጫፉን ነካ ብታደርገው ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«እማዬ እኮ ነግራን ነበር» አለች ታናሽየዋ። «‹ማዳበሪያ ሲበዛ ያቃጥለዋል፤ ተጠያይቃችሁ ስጡት› ብላን ነበር።»