ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል

«አሁን እሱን ነው የምትነካኪው?» አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ የንፍሮውን ትሪ እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው። «ሰው ድንኳን ሞልቶ፣ የአባትሽ አፈር ሳይደርቅ።»

ኡርጂ ቀና አላለችም። ክዳኑ በጣውላ ቁራጭ ተደግፎ የሚቆመው የአባቷ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ተደፍታ ነበር። እትዬ ደብሪቱ የእድሩ ሴቶች አለቃ ናቸው፤ በዚያ ሰፈር እሳቸው ሳይቆጡበት ያለቀ ለቅሶ የለም። ልባቸው ደግ ነው፣ አፋቸው ግን አያርፍም።

«መጣሁ እትዬ። አንድ ነገር ላይበት ነው።»

«ይታያ እንግዲህ። ዛሬ ሰልስቱ ነው፤ ከሰዓት ድንኳኑ ይነሳል። የቀረሽ እንባ ካለ አሁን አልቅሺው።»

ልታይ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በየካቲት የላከችለትን ደብዳቤ አባቷ አንብቦት ነው የሞተው ወይስ ሳያነበው? ሦስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛው «ጃባዱ፣ በርቺ» እያለ ሲያቅፋት እሷ ይህንኑ ታሰላስል ነበር። የኢሜይሉን የይለፍ ቃል የሚያውቁት ሁለት ነበሩ፤ አባቷና ይህ ማሽን። አባቷ ከትናንት ወዲያ ተቀብሯል።

አቶ ጉርሙ በመቱ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት ታይፒስት ነበር። ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ዓመት ጆሮው ከዳው። ስልክ ለሱ ከዚያ ወዲህ ዕቃ ነው፤ ትንንሾቹን የስልክ ቁልፎች ደግሞ «ለጣት አልተሠሩም» ብሎ ናቃቸው። ጂማ ላቦራቶሪ ውስጥ ከምትሠራው ልጁ ጋር የሚያወራው በዚህ ላፕቶፕ ብቻ ነበር። በየእሑዱ ይጽፍላታል፤ ዝናቡ ዘነበ፣ እናትሽ ደህና ናት፣ ከሁሩሙ የመጣው ማር ዘንድሮ ቀጭን ነው። አንድ ፊደል አይገድፍም። እሷ ስትገድፍ ደግሞ አርሞ ይመልስላታል።

ካሚል ከድንኳኑ መጣ። አጠገባቸው ፎቶኮፒ ቤት ያለው ጎልማሳ ነው፤ ታይፕ ያስተማረው አቶ ጉርሙ ነው፣ ሬሳውን ከተሸከሙትም አንዱ እሱ ነበር። ጫማውን በር ላይ ጥሎ ገባና ማሽኑን ጥቂት ነካካው።

«ዋይፋዩን አያየውም» አላት። «እሱ አዲስ ነው፣ ይሄ የጥንት። ምን ቢጣራ ይሄ አይሰማውም። ደንቆሮ ነው በቃ።»

ኡርጂ ፊቷን አዞረች። ካሚል ምን ያውቃል፤ ስለ ማሽኑ ነው የተናገረው።

እሷ ግን ስለ አባቷ ነበር የተናገረችው። ባለፈው መስከረም፣ የመስቀል ማግስት ነው። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። ቤቱን ሸጣችሁ ጂማ ኑልኝ እያለች ትጨቀጭቀዋለች፣ አባቷ ደግሞ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ምን አልሽ?» ይላል። ደገመችለት። «ምን አልሽ?» ሠለሰችለት። ከዚያ ፊቷን ወደ እንግዶቹ መለስ አድርጋ፣ ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ፣ «ወይ ጉድ፣ ለደንቆሮ መጮህ ሰለቸኝ» አለች። ሁለት ሰው ሳቀ። አይሰማም ብላ ነው። ጆሮው የሄደበት ሰው ከንፈር ማንበብ እንደሚለምድ ማን ይንገራት። አቶ ጉርሙ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ «ቶሌ» አለ ቀስ ብሎ በኦሮምኛ። እሺ ማለቱ ነው። ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ፣ እስክትሄድም ድረስ ስለዚያ ነገር አልተነፈሰም።

ጂማ ከተመለሰች በኋላ አራት ወር መጻፍ አቃታት። እሱም አልጻፈም። በጥር ከደመወዟ አጠራቅማ አዲሱን ፈጣን ኢንተርኔት አስገባችለት፤ ይቅርታ በስጦታ የሚጀመር መስሏት። በየካቲት እንደምንም ራሷን አስጨንቃ ደብዳቤውን ጻፈች። መልስ የለም። እናቷ ጋ ስትደውል ነገሬ ሳትል ትጠይቃለች፤ «አባዬ ላፕቶፑ ላይ ይቀመጣል?» «በየጠዋቱ» ትላለች እናቷ። ስለዚህ አንብቦታል። አንብቦ ዝም ብሏታል። ጥፋተኛዋ እሷ ሆና ሳለ ያኮረፈችውም እሷ ሆነች፤ «ለምኜው ዝም ያለኝን ሰው በምን ዓይኔ አየዋለሁ» ብላ ለፋሲካም ቀረች። በሰኔ ስልኩ ሲደወል የእናቷ ድምፅ አልነበረም። የእትዬ ደብሪቱ ነበር።

«ኬብል ካለ በኬብል ይሄዳል» አለ ካሚል። «ሲያስገቡላችሁ ሰማያዊ ገመድ ከኢንተርኔቷ ሣጥን ወደዚህ ዘርግተው ነበር። የት ሄደ?»

ክፍሉን ፈለጉ። በኋላ ካሚል በመስኮት ወደ ውጭ አየና በጣቱ አመለከተ። የድንኳኑ አንድ ማዕዘን ከአጥሩ ቋሚ ጋር የታሰረው በሰማያዊው ገመድ ነበር። የእድሩ ሰዎች ቤቱን ለለቀስተኛ ሲያሰናዱ ገመድ አንሷቸው ያገኙትን ነቅለው ወስደዋል። ካሚል ከሱቁ የቃጫ ገመድ አምጥቶ ሲለውጠው እትዬ ደብሪቱ «ድንኳኑን ሰው ላይ ልትጥለው ነው?» ብለው ጮሁበት። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን እያወዛወዙ ተንሾካሾኩ። እናቷ ተስፋነሽ ግን ከፍራሹ ላይ ሆና ታየው ነበር።

ገመዱን ሰኩት። የሣጥኗ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። ኡርጂ የኢሜይሉን ገጽ ስትከፍት ግን ቀይ ምልክትና አንድ የእንግሊዝኛ መስመር ብቻ ወጣ። ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል።

«ይሄን የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ» አለች።

ከላፕቶፑ ሥር ከነበረው ደብተር ነው በጨረፍታ ያየችው፤ አሁን ገለጠችው። በአባቷ የተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«ጥር 28። ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል። የእጅ ሰዓቴን ከባንኩ ሰዓት ጋር አስተያየሁ። ልዩነት የለውም።

የካቲት 6። ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወሰድኩት። ባትሪ ለወጠልኝ። ዛሬም ቀርቷል ይላል።

መጋቢት 19። ዛሬም ያንኑ ይላል። ምናልባት የኡርጂ መልእክት ይኖር ይሆናል።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ቀን ብቻ አላቸው። በየቀኑ ቀን ጽፏል፣ ከሥሩ ባዶ።

ካሚል በትከሻዋ በኩል አነበበው። «ለምን አልጠየቀኝም?» አለ፣ የተቆጣ ይመስል ነበር። «ሱቄ እዚህ ነው እኮ። ከመስቀል ወዲህ ደጄን ረግጦ አያውቅም። መንገድ ላይ እጁን አንሥቶልኝ ያልፋል። ምን አስቀይሜው ይሆን እያልኩ ከረምኩ።»

ኡርጂ ታውቃለች። ካሚል አላስቀየመውም። አባቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውን ላለማስጮኽ ብሎ መጠየቅ ትቷል። ይህን ለካሚል ሳትነግረው ደብተሩን ዘጋችው።

ካሚል ወደ ላፕቶፑ ማያ ጥግ ጎንበስ አለ። «ቆይ። ቀኑ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ይላል። በፈረንጅ አሥረኛው ወር ኦክቶበር ነው፣ የዛሬ ስምንት ዓመት አካባቢ። ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?»

ኡርጂ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየች። ሰኔ 12 ቀን 2017። ሰኔ አሥረኛ ወር ነው።

«አላበላሸውም» አለች። «አባዬ በኛ አቆጣጠር ነው የሞላው።»

ነገሩ ይኸው ነበር። በጥር ገመድ ሊዘረጉ ማሽኑን ሲነቅሉት የውስጥ ባትሪው አልቆ ቀኑን ረሳ። ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ዛሬ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ታይፒስቱ አቶ ጉርሙም መቁጠሪያውን አይቶ አንድ ቁጥር ሳይሳሳት ይሞላለታል። ዓለም ማሽኑን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርተሃል ብሎ በሩን ይዘጋበታል። እንደ ተአምር በእነዚህ ሦስት ቀናት መብራት አልጠፋም፣ ማሽኑም አቶ ጉርሙ በመጨረሻ ከሞላው ቀን ተነሥቶ ይቆጥር ነበር።

ካሚል ቀኑን በፈረንጅ አስተካክሎ ወንበሩን ለቀቀላት። «እኔ ውጭ ነኝ» አለና ወጣ።

ገጹ እያዘገመ ተከፈተ። ከታች የጥንት ደብዳቤዎቿ በቀጭን ፊደል ተደርድረዋል፤ እነዚያን አንብቧቸዋል። ከላይ፣ ብቻውን፣ በወፍራም ጥቁር ፊደል የሷ ስም አለ። የካቲት። ሳይከፈት።

አንብቦ ዝም አላላትም። ቀድሞውንም አልደረሰውም። ያሳበጣት ያ ሁሉ ኩርፊያ መሄጃ አጣ። በአፏ ላይ ነጠላዋን ይዛ አለቀሰች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ እንደዚህ አላለቀሰችም ነበር።

እናቷ ገብታ አጠገቧ ቆመች። ተስፋነሽ ፊደል አልቆጠረችም።

«ምንድነው ልጄ?»

«በየካቲት ይቅርታ ጽፌለት ነበር። አላየውም እማዬ።»

ተስፋነሽ ቀስ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ጽፈሽ ነበር?» አለች። «በየጠዋቱ ከዚህ ሲነሣ ዛሬም አልጻፈችም ይለኝ ነበር። አንቺ ደግሞ ስትደውዪ የደብዳቤ ነገር አታነሺም። እንዳይከፋሽ ብዬ ሳልነግርሽ ቀረሁ።»

ውጭ የድንኳኑ ብረቶች ሲወልቁ ይሰማል።

«ክፈችው በይ» አለች እናቷ። «ተዘግቶ አይደር።»

ኡርጂ ከፈተችው። «አባዬ» ይላል መጀመሪያው። ከዚያ በላይ ማንበብ አልቻለችም፣ ወደ ዝርዝሩ ተመለሰች። ስሟ አሁን ቀጥኗል። እሱ ካነበባቸው ከሌሎቹ የሚለየው ነገር የለም።

ተስፋነሽ ለውጡን አየች። «ይኸው» አለች፣ የልጇን ጀርባ እያሻሸች። «በቃ አነበበው። እንደዚያ ቁጠሪው ልጄ።»

ኡርጂ ለእናቷ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ ያንን አንድ መስመር መረጠች፣ ከትእዛዞቹ መካከል ፈልጋ፣ «እንዳልተነበበ ይመዝገብ» የሚለውን ተጫነች። ፊደሉ እንደገና ወፈረ።