ባሕር ዛፍ የጠጣው ምንጭ

ኡርጂ ከቡራዩ ሱሉልታ ስትዳር፣ የአማቷ የኦቦ ዱቤ ምንጭ ሞልቶ ይፈስ ነበር። አፉን ከቦ የተተከለው ባሕር ዛፍ ያኔ ከወገቧ አያልፍም። ዛፉ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ሲሆን ምንጩ እየሳሳ ሄደ፤ ዘንድሮ በጋ ጭቃ ብቻ ቀረ። ኡርጂ ጀሪካን አዝላ ከአስፋልቱ ማዶ ካለው ቦኖ ውሃ ለመቅዳት ትመላለስ ጀመር።

«ዛፉ ነው የሚጠጣብን፤ እንቁረጠው» አለች።

ኦቦ ዱቤ ሳቁ። «ውሃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ ሲሄድ የት አየሽ? የከዳን ዝናቡ ነው። ዛፉን በእጄ ነው የተከልኩት።»

ባሏ ጂሬኛ አባቱን ፈርቶ ላሟን ሊያስር ወጣ። ያበገናት ይሄ ፍርሃቱ ነው።

ተማሪ ሳለች ያየችው ነገር ትዝ አላትና በማግስቱ ማለዳ አንዱን ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ ፌስታል አልብሳ አፉን ጥፍር አድርጋ አሰረችው። ፀሐይ ሲመታው ዋለ። አመሻሽ ላይ ስትፈታው ታቹ ውሃ አቁሯል። በብርጭቆ ገልብጣ አማቷ ፊት አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው?»

«ምንጭዎ ነው፣ አባባ። ዛፉ በሥሩ መጦ፣ በግንዱ ሽቅብ ስቦ፣ በቅጠሉ ሲተነፍሰው ያዝኩት። ይሄ የአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው።»

ኦቦ ዱቤ ብርጭቆውን አንስተው አዩት፣ አሸተቱት። «እኔ በሕይወት እያለሁ አይነካም!» ብለው ተነሱ።

በነጋታው እሳቸው ገበያ ሲወርዱ ኡርጂ መጥረቢያ አነሳች።

«አባዬ ይረግሙሻል» አላት ጂሬኛ።

«ይርገሙኝ! ጀሪካን የሚሸከመው የኔ ጀርባ ነው። ወይ ገመዱን ያዝልኝ፣ ወይ ዞር በልልኝ!»

ጂሬኛ አመነታ፤ ከዚያ ገመዱን ያዘ።

ሽማግሌው ሲመለሱ ምንጩን የከበቡት ዛፎች ተጋድመዋል። «ማል ጎቴ! ምን አደረግሽ!» ብለው ከዘራቸውን አነሱ። ኡርጂ ንቅንቅ አላለችም።

«ቆረጥኩት። የአጥሩን ባሕር ዛፍ አልነካሁም። ምንጩ ላይ ግን ሁለተኛ አይበቅልም።»

ከዘራው አየር ላይ ቆይቶ ሳይመታት ወረደ።

ክረምቱን ሙሉ አኮረፏት። ጉቶው ባቆጠቆጠ ቁጥር እሷ ዓይናቸው እያየ ትገነጥለዋለች። በጋ ሲመጣ ምንጩ እንደ ድሮው ባይሆንም ቀጠን ብሎ ፈሰሰ። አንድ ቀን ኦቦ ዱቤ ላማቸውን እየነዱ ወደ ምንጩ ወረዱ።

«አፉ ጠቧል። ላሟ እንኳ አፏን ማስገባት አቃታት» አሉ እያጉረመረሙ።

«አካፋው ያውልዎት፣ አባባ» አለች ኡርጂ ከጉቶው ቀና ሳትል። «ያስፉት።»